ለቆራሌው የማይሰጥ ሸክላ

የክረምቱ ጭቃ ደረቅ ብሎ አዲሱ ዓመት ሲቃረብ ዕቃው የማይገለበጥ ቤት የለም። ኮልፌም እንደ ሌላው ሰፈር ነው። ከአጠና ተራ ጀምሮ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ ምንጣፍ ይራገፋል፤ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ይላቀቃል፤ ከአልጋ ሥር ዓመቱን ሙሉ ዓይን ያላየው ኮተት ይወጣል። «ቆራሌው!» የሚለውም ጥሪ በዚያ ሰሞን ይበረክታል። የተቀዳደደ ጫማ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ እየተቆጠረ ወደ ማዳበሪያው ይገባል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር አቧራ የጠጣ ካርቶን ይወጣል። ሲከፈት በውስጡ ጥቋቁር ሸክላዎች ተደርድረዋል። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ሆኖታልና «ምን ሊያደርግልን?» ይባልና ካርቶኑ ለጥቂት ብር አብሮ ይሄዳል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ካርቶን ነው። ውድ አንባብያን፣ ቤት የምታጸዱትም ሆነ የሚጣለውንና የሚቀረውን የምትለዩት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ እናቶች ናችሁ። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ቆመው የነፉትና የመቱት ሙዚቀኞችም እነማን እንደነበሩ ማወቁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። ጃዝ ሲባል የአሜሪካኖች ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ዓለም «ኢትዮ ጃዝ» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ ግን ከእነዚሁ ከአልጋ ሥር ካሉ ሸክላዎች የወጣ ነው።

ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች። በእያንዳንዱ ገጿ አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ እሱም ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ነው። ጀበና ተጥዶ ሳይፈላ አንዱ ገጽ ያልቃል ማለት ነው። በአገራችን ከ1961 ዓ.ም. ግድም እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 የሚሆኑ ትላልቅ ሸክላዎች እንደታተሙ የዘመኑን ሙዚቃ ያጠኑ ሰዎች ይገልጻሉ። ለአንድ አገር ሲታሰብ ይህ ብዙ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን በአጭሩ ተቆረጠ።

ይህም ቢሆን የተገኘው አንድ ወጣት ደፍሮ ነው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። የሙዚቃ ሱቅ የነበረው አምሃ እሸቴ ግን ማኅበሩ እያሳተመ ስላልሆነ እኔ ላሳትም ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹን የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ቀድቶ ወደ ህንድ አገር ልኮ አሳተማቸው። በኋላም በሊባኖስ ማሳተም ቀጠለ። በ1967 ዓ.ም. ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ የበለጡ ትናንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትላልቅ ሸክላዎችን አውጥቷል። እንደ እሱ ሸክላ ያሳተሙ ሌሎችም ነበሩ፤ አሊ አብደላ ኬይፋን፣ ማለትም ብዙ ሰው አሊ ታንጎ እያለ የሚጠራውን፣ ማንሣት ይበቃል። አምሃ በ2013 ዓ.ም. ዐርፏል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን አንሥታችሁ መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ተመልከቱ። የዘፋኙ ስም አለ። የዘፈኑ ርእስ አለ። አንዳንድ ጊዜ የባንዱ ስም ይኖራል። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው፣ ጊታሩን የከረከረው ሰው ስም ግን በአብዛኛው የለም። ይህ ጽሑፍ ከምንም በላይ የሚቆረቆረው ለእነዚህ ስማቸው ላልተጻፈው ነው።

እነዚህ ሰዎች እንደ እናንተ ደመወዝተኞች ነበሩ። አብዛኛዎቹ በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሚሠሩ ነበሩ። ጠዋት ለሰልፍ ማርሽ ይነፋሉ፤ ማታ ልብስ ቀይረው ለዳንስ ይጫወታሉ። የኮልፌ ሰው ፖሊስን በደንብ ያውቃል። የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ለብዙ ዘመን የኮልፌ መለያ ሆኖ ኖሯል፤ ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት በዚሁ በኮልፌ ነው። ስለ ማንዴላ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። የዚያው የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ እነ ዓለማየሁ እሸቴንና ሂሩት በቀለን ለሕዝብ እንዳቀረበ፣ በኋላም ጌታቸው መኩሪያን የሚያህል ሳክስፎን ነፊ እንደነበረው ግን ለልጆቻችን የምንነግር ጥቂቶች ነን።

ስለ ጌታቸው ትንሽ ረዘም አድርገን ብንናገር አይበዛበትም። ይፋት ተወልዶ ገና በልጅነቱ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ ቴአትር ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። እሱ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሽለላን ከጉሮሮ አውጥቶ ወደ ሳክስፎን አስገባው። ሽለላ ጀግና ወደ ጦር ሜዳ ሲወጣ የሚያሰማው፣ ደም የሚያፈላ ዜማ ነው። ጌታቸው ይህንኑ ያለ ቃል ነፋው፤ ሲነፋም ሳክስፎኑ የሚያቅራራ፣ የሚቆጣ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ እንደገና የሚነሣ ሰው ይመስላል። በ1962 ዓ.ም. ግድም በፊሊፕስ የታተመው ትልቁ ሸክላው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ስያሜ ነው የተሰጠው። አንዳንድ ጊዜም ጎፈር አጥልቆ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር።

የውጭ አገር የሙዚቃ ሐያስያን ይህን ሲሰሙ በአሜሪካ በ1950ዎቹ «ነጻ ጃዝ» ተብሎ ከተነሣው አነፋፈስ ጋር አመሳሰሉት። ጌታቸው ግን ከእነሱ አልተማረውም። ያንን መንገድ ያገኘው እዚሁ፣ የሽለላን አካሄድ እየተከተለ ነው። ወደ ሰባ ዓመቱ ሲቃረብ የሆላንድ አገር ወጣት ሙዚቀኞች ፈልገው መጥተው አብረውት ተጫወቱ፤ በአውሮፓም አዞሩት። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ዐረፈ። ሸክላውን ስታገኙ ልጆቹን ሰብስባችሁ «ይህ ሰውዬ የሚለው ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቃል ባይኖረውም «እየፎከረ ነው» የሚል ልጅ መገኘቱ አይቀርም።

የፈረንጁ መሣሪያ እንዴት ወደ እኛ እጅ ገባ ለሚል ጠያቂ መልሱ አጭር ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያዩአቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ መጥተው በማዘጋጃ ቤቱ፣ በፖሊሱና በቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥነዋል። የአገራችንን ዜማ ለብዙ መሣሪያ እንዲስማማ አድርጎ መጻፍን ብዙዎቹ የተማሩት ከሳቸው ነው።

ጃዝ የሚለውን ስም ከኢትዮጵያ ጋር አስተሳስሮ የጠራው ግን ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሙላቱ ጅማ ተወለደ። ወላጆቹ ምሕንድስና ይማርልን ብለው ወደ ዌልስ ላኩት፤ እሱ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። በለንደን፣ ከዚያም በአሜሪካ በቦስተን በርክሌ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። የልጃቸውን መሐንዲስነት ሲጠብቁ የነበሩት ቤተሰቦቹ ምን እንዳሉ መገመት ለወላጅ አያስቸግርም። የእሱ ዋና መሣሪያ ቫይብራፎን ይባላል፤ በረድፍ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎች በመዶሻ መሰል ዘንግ ሲመቱ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ነው።

የሙላቱን ሥራ ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በየአንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። የፈረንጁ ፒያኖ በአንድ እርከን ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ላይ አቁሞ ከሥሩ የሚያጅበውን ስምምነት ከአሥራ ሁለቱ ወሰደ። አምስቱ እንዳይዋጡ መጠበቅ ነው የሥራው ጭንቅ። ሌላው የጃዝ ጠባይ ደግሞ ተራ መጠባበቅ ነው። ሠርግ ቤት ክብ ሠርተን ስንጨፍር አንዱ ወደ መሐል ገብቶ እስክስታውን በራሱ መንገድ ያወርደዋል፤ ሌላው ያጨበጭብለታል፤ ደክሞ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ጃዝም እንደዚሁ ነው። ሁሉም የሚያውቁትን ዜማ አብረው ይጫወቱታል፤ ከዚያ ሳክስፎኑ ይገባና እንደ ልቡ ያዞረዋል፤ ተራውን ለሌላው ይለቃል፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደ ዜማው ይመለሳሉ።

ይህን ለማየት ከሁሉ የሚቀለው በ1964 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ትልቅ ሸክላ ነው። በውስጡ «መስከረም ሲጠባ» እና «ኩሉን ማን ኳለሽ» ይገኛሉ። ሁለተኛውን የማያውቅ የሠርግ ቤት እድምተኛ የለም።

በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ የሚኖሩ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ስለዚሁ ሲያጫውቱን፣ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ሙዚቃ ከፍቶ «እማማ፣ ይህ የውጭ አገር ጃዝ ነው» አላቸው። እሳቸው ቡና እየቆሉ ነበር። ጥቂት አዳመጡና «የምን የውጭ አገር! ይኼማ ኩሉን ማን ኳለሽ ነው። እናትህን የዳርንበት» አሉት። ልጁ አላመነም። እሳቸው ቡናውን እየቆሉ ከሙዚቃው ጋር ማንጎራጎር ሲጀምሩ ግን ስልኩን አስጠግቶ ዝም አለ።

የእኚሁ እናት ቤት ካርቶን ለጥቂት ነው የተረፈው። ባለቤታቸው ሸክላ ወዳድ ነበሩ። ባለፈው ጽዳት ምራታቸው ካርቶኑን ከበር አውጥታ ከቆራሌው ጋር ዋጋ ስትነጋገር ደረሱ። «እሷ ምን ታውቃለች፣ አልፈርድባትም» ይላሉ። «እኔም ድሮ ስንት ቀን በዚህ ሸክላ ተጣልቻለሁ። ደመወዝ ሲወጣ ለልጆቹ ጫማ ይገዛ እላለሁ፤ እሱ ሸክላ በብብቱ ይዞ ይገባል። ዛሬም ቢሆን ጫማው ይቀድም ነበር ነው የምለው። ግን ለቆራሌ አልሰጥም።» ሁለቱም ንግግራቸው ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ሌላው የሙላቱ ታዋቂ ሸክላ በ1966 ዓ.ም. በአምሃ እሸቴ በኩል የወጣው ሲሆን «የከርሞ ሰው» የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ታላቁ የአሜሪካ የጃዝ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሙላቱ ተቀብሎ አስተናገደው፤ አብረውም ተጫወቱ። ንጉሠ ነገሥቱም ሸለሙት። ኤሊንግተን ከዚያ በኋላ የኖረው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። «የከርሞ ሰው» ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ነው ብዙ የውጭ አገር ወጣት «ይህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው። ለእኛ ሰው ግን በሬዲዮ የኖረ ዜማ ነው።

ሴቶቹስ? ይህ ዓምድ ይህን ሳይጠይቅ ቢያልፍ ይወቀሳል። በታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሴቶች የሚታዩት በአብዛኛው በድምፅ ማጉያው ፊት ነበር። ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ጋር ያስቀረጹት ዘፈን በየካርቶኑ ውስጥ አለ። ስታዳምጧቸው ለድምፃቸው ብቻ አትስሙ፤ እነሱ ዐረፍ ሲሉ የሚመልስላቸውን የሳክስፎንና የትራምፔት ቡድን ልብ በሉ። አስናቀች ወርቁ ደግሞ ክራሯን ራሷ እየመታች ነው የዘፈነችው። ከዚያ አልፎ ሴት ልጅ ትራምፔት ወይም ከበሮ ይዛ ለማየት ብዙ ዘመን መጠበቅ አስፈልጓል።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሉዊስ አርምስትሮንግን የማያውቅ የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ በተቀዱት ዝነኛ ሸክላዎቹ ላይ ፒያኖ የምትመታው ሊል ሃርዲን ግን ሚስቱ ነበረች። ከእሱ ይልቅ የሙዚቃ ጽሕፈት የተማረችው እሷ ናት፤ በሌላ ሰው ባንድ ሁለተኛ ሆኖ መኖር ይበቃሃል ብላ ወደ ፊት የገፋችውም እሷ ናት። በኋላ ተለያዩ። አርምስትሮንግ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ በነሐሴ 1963 ዓ.ም.፣ ለመታሰቢያው በቺካጎ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ፒያኖ እየመታች ሳለ ወድቃ ሞተች።

የእኛዋ ፒያኖ መቺ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። የሳቸው ሙዚቃ ጃዝ አይደለም፤ ጃዝ የሚሉት ሰዎች ስም ስላጡለት ይመስለናል። ቢሆንም ቦታው ከዚሁ ካርቶን ውስጥ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት ናቸው። በዓለም ስማቸው የውብዳር ይባሉ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ኢጣልያ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ ለንደን ሄደው የበለጠ ሊማሩ ሲሉ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። ያች በር ስትዘጋ ወጣቷ የውብዳር ወደ ግሸን ማርያም ሄዳ መነኮሰች፤ በዚያም ወደ አሥር ዓመት ያህል ተቀመጠች።

ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሸክላቸውን በ1959 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ያሳተሙት ገንዘቡ ወላጅ ላጡ ሕፃናት እንዲውል ነበር። በ1976 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። አጨዋወታቸው የሚጣደፍ አይደለም። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓውያኑ፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ማሕሌቱና እንደ ክራሩ ይሄዳል። ሕፃን የሚያስተኛ ሙዚቃ ለምትፈልግ እናት ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

በአብዮቱ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ሙዚቃ ተዳከመ። ሆኖም በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበት ትልቅ ሸክላ የዘመኑ የመጨረሻ ፍሬ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሙላቱም በዚያ ላይ ቫይብራፎን መትቷል። በዚያ ባንድ ኦርጋን ይጫወት የነበረው ኃይሉ መርጊያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይለየውም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድበታል። በ1977 ዓ.ም. ግድም ብቻውን የሠራትን አንዲት ካሴት አንድ የውጭ አገር ሰው ባሕር ዳር ገበያ አግኝቶ በ2005 ዓ.ም. እንደገና አሳተማት። ኃይሉም ከታክሲው ወንበር ወደ መድረክ ተመለሰ። ያች ካሴት ማዳበሪያ ውስጥ ገብታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ከ1990 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም የእነዚህን ሸክላዎች ድምፅ በተከታታይ ማሳተሙ ይታወቃል። እኛ በስልካችን የምናዳምጠው አብዛኛው ከዚያ የተገኘ ነው። ኦሪጅናሉን ሸክላ ደግሞ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይፈልጉታል፤ ስለዚህ ለመሸጥ የሚገደድ ቤት ቢኖር እንኳ ሳይጠይቅ በጀሪካን ዋጋ አይስጥ።

እቤት ለሚያስቀምጡት ጥቂት ምክር እናክል። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይነባበር፤ ሲደራረብ ይቆለመማል። ከከሰል ምድጃ፣ ከምጣድና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። አቧራው በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙር ተከትሎ ይጠረግ፤ ጣት መስመሩን አይንካ፤ አልኮል በተለይ በጥንታዊዎቹ ሸክላዎች ላይ አይፍሰስ። መርፌው ያረጀ ማጫወቻ ሸክላውን ይፍቀዋልና ሳይቀየር አይጫወት። ማጫወቻ የሌለው ቤትም ካርቶኑን ከወለሉ እርጥበት ከፍ አድርጎ ማቆየት ይችላል።

በመጨረሻም በሰፈራችሁ የቀድሞ ሙዚቀኛ ወይም ያን ዘመን የሚያውቅ አዛውንት ካለ ሸክላዎቹን ይዛችሁ ቡና ጥሩትና «ይህን ሳክስፎን የነፋው ማን ነው? ፒያኖውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግራችሁን ስም በሸክላው የወረቀት ከረጢት ላይ ጻፉት። በእርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ ያልፋል።